ደሙ ይድረቅ፣ የልጆቹ እንጀራ ግን ለብቻው ይጻፍ

በሞጣና በቢቸና አካባቢ ሰው በሰው እጅ ሲሞት መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ደሙን ማን ያደርቀዋል?» የሚል ነው። ሟቹ በጥይት ይሙት፣ በዱላ ይሙት፣ መኪና ይግጨው፣ ደም ደም ነው። ሽማግሌ ካልገባበት፣ ካህን መስቀል ይዞ መካከል ካልቆመ፣ የሟች ወንድም ከገዳይ ወገን ጋር በአንድ ገበያ ሊውል፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሊያስቀድስ አይችልም። ይህ ልማድ ብዙ ነፍስ አትርፏል። እርቅ ባይኖር ኖሮ በአገራችን ስንት ደጅ ተዘግቶ ይቀር እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ በሽማግሌ ላይ የምናገረው ክፉ ቃል የለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። ሟቹ ያበላቸው የነበሩ ሰዎች ከአርባው በኋላ ምን ይበላሉ? በእኛ ቤት ይህን ጥያቄ ያነሣችው ታናሽ እህቴ ናት። እሷ ስለጠየቀች የተማርነውን፣ ልጅና የልጅ ልጅ ላላቸው ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

የእህቴ ባል ገበሬ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከሞጣ ገበያ ወደ ቀበሌው በእግሩ ሲመለስ፣ ከባሕር ዳር በኩል የመጣ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለው። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ትልቁ ስድስተኛ ክፍል፣ ትንሿ ገና ጡት ያልጣለች። በዚያው ግቢ የእሱን እጅ ስታይ የምትኖር አሮጊት እናትም ነበረችው።

ገና በሠልስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ሁለት ካህናትና ሦስት ያገር ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁሉም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ባለመኪናው ሌላ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ነው። ሾፌሩ በፖሊስ እጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ 50 ሺህ ብርና አንድ ወረቀት ይዘው መጥተዋል። በወረቀቱ ላይ «በሟች ምክንያት ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ምንም ዓይነት ክርክር የለንም» የሚል ተጽፏል። እንድንፈርም የተጠየቅነው ወንዶቹ ነበርን፤ ሁለቱ የሟች ወንድሞችና እኔ። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው።

አንዱ ሽማግሌ «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» አሉ። ተረቱ ለእርቅ እውነት ነው፤ ቂም ከመድረቁ በፊት ነው ሰው የሚታረቀው። እህቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከጓዳ ወጣች። «አባቶቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ደም አልፈልግም፤ ልጆቼ ደመኛ ይዘው እንዲያድጉ አልሻም። ግን ይሄ ብር የማን ነው? የኔ ነው? የልጆቼ ነው? የእማማ ነው? ወይስ የወንድሞቹ?» አለች።

መልስ የሰጠ አልነበረም። ጥቂት ዝምታ ከሆነ በኋላ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት «ልጄ፣ እውነትሽን ነው። እርቁን ዛሬ እንጨርስ፤ የብሩን ነገር ከአርባው በኋላ እናየዋለን» አሉ። እስከ ዛሬ እኒህን አባት አመሰግናለሁ። ያን ቀን ሁለቱን ነገር ለያዩልን።

በዚያ ቀን የተጻፈው ወረቀት የሰላም ወረቀት ብቻ ሆነ። ሁለቱ ወገኖች ይቅር መባባላቸውን፣ ደም የሚፈልግ እንደሌለ፣ ባለመኪናውም ለቀብርና ለተዝካር ወጪ 15 ሺህ ብር መስጠቱን ይናገራል። «ይህ ገንዘብ ካሳ አይደለም፤ የካሳው ጉዳይ በሕግ እንደሚሆነው ይሆናል» የሚል አንድ መስመርም ተጨመረበት። ያች መስመር ኋላ ላይ ትልቅ ዋጋ ነበራት። የእርቅ ስምምነት ተራ ወረቀት አይደለምና፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በተስማሙት ሰዎች መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል። «ክርክር የለንም» ብሎ የፈረመ ሰው ነገ «አዝኜ ነበር» ብሎ መመለስ እጅግ ይከብደዋል።

ከአርባው በኋላ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ነገሩ ሦስት መንገድ እንዳለውና አንዱ ሌላውን እንደማይዘጋው ያስረዱን እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የወንጀሉ መንገድ ነው። ሰው በቸልተኝነት መግደል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ ከሳሹም ዐቃቤ ሕግ ነው። ቤተሰብ ይቅር ቢልም ክሱ አይቀርም፤ የእኛ ፊርማ ሊያነሣው አይችልም። ታዲያ የእርቅ ወረቀት ለምን በጥድፊያ ይፈለጋል? ተከሳሽ መጸጸቱና ተጎጂን መካሱ ቅጣት ስለሚያቀልለት ነው። ይህ ነውር የለበትም። የእኛ ሾፌርም እንደኛው የድሃ ልጅ ነበረ፤ እህቴ ወረቀቱ ለዳኛው እንዲቀርብለት ፈቅዳለች። ብቻ ቤተሰብ የሚሰጠው ነገር ለሌላው ወገን ዋጋ ያለው መሆኑን አውቆ ይስጥ።

ሁለተኛው የካሳው መንገድ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2095 መሠረት፣ ሰው በደረሰበት አደጋ ሲሞት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ተወላጆቹ በሞቱ ምክንያት ለቀረባቸው ጥቅም እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ይህን ስሰማ ዝርዝሩን ደጋግሜ አስነበብኩ። ሚስት አለች። ልጆች አሉ። እናት አለች። ወንድም የለም። የሚስት ወንድም እማ ከነጭራሹ የለም። በሠልስቱ እንድንፈርም የተጠየቅነው ሦስታችን ለዚህ ካሳ በሕግ ባለመብት አልነበርንም። ባለመብቶቹ ጓዳ የነበሩት ናቸው፤ ሚስቱ፣ እናቱ፣ በአንቀልባ የታዘለችው ሕፃን።

ለአያቶች ይህ በተለይ ይሰማ። ልጃችሁ ሲሞት «ካሳው የሚስቱና የልጆቹ ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ። እጁን የምታዩ ከነበራችሁ እናንተም በስማችሁ ጠያቂ ናችሁ። ምራቶችም አማቶቻችሁን አትርሱ። የእህቴ አማት በክሱ ላይ ስሟ ሲጻፍ «እኔን ደግሞ ለምን?» ብላ ነበር።

ሦስተኛው የመድኑ መንገድ ነው። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክት እሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ5 ሺህ የማያንስ፣ ከ40 ሺህ ብር የማይበልጥ ነበር። መጠኑ ከዚያ ወዲህ ከፍ ስላለ የዛሬውን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ነው። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሲሆንም ቤተሰብ ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። «ማን እንደገጨው አልታወቀም» ብለው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ይህን ይወቁ።

«ኢንሹራንስ ከከፈለ አለቀ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አላለቀም። የመድኑ ክፍያ ጣሪያ አለው፤ ጉዳቱ ከዚያ የበለጠ ከሆነ የቀረውን ባለመኪናው ይከፍላል።

ክሱን ያቀረብነው አደጋው በደረሰበት ቦታ ነው፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ባለመኪናው ወደሚኖርበት ከተማ መመላለስ አላስፈለገንም። ለዳኝነት የሚከፈል አቅም ያልነበራት እህቴ፣ ከቀበሌዋ የድህነት ማስረጃ አጽፋ በደሃ ደንብ ከሰሰች። ጠበቃው ከክሱ ጋር መኪናው እንዳይሸጥ የእግድ ማመልከቻም አስገቡ። ፍርድ ተፈርዶ የሚከፈልበት ንብረት ከጠፋ ወረቀት ይዞ መቅረት ነውና።

ማስረጃ መሰብሰቡ ለገበሬ ቤት ቀላል አልነበረም። የጋብቻ ሰርተፊኬት የለም፤ የሰማንያው ወረቀት ጠፍቷል። ያዳነን የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነው። የባልና የሚስት ስም ከነፎቷቸው በአንድ ላይ አለበት። ለልጆቹ የክርስትና ማስረጃና የትምህርት ቤት መዝገብ አቀረብን። ከትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን፣ ከሆስፒታል የአስከሬን ምርመራ ውጤቱን ቅጂ ወሰድን። ገቢውን ለማስረዳት የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስንት ጥማድ እንደሚያርስ፣ በዓመት ስንት ኩንታል ጤፍና ስንዴ እንደሚያገባ ጻፉልን። ሁለት ጎረቤቶችም መሰከሩ።

ባለመኪናው ሦስት መከራከሪያ አቀረበ። አንደኛ፣ «ሾፌሩ እኔ ሳልፈቅድ ነው በዚያ መንገድ የሄደው» አለ። አንቀጽ 2081 ለዚህ መልስ አለው፤ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም። የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብንም ነበር፤ የእሱ መሆኑን የሚያሳየው ሊብሬ በቂ ነው። ሁለተኛ፣ «ሟቹ ራሱ መንገድ ውስጥ ገብቶ ነው» አለ። ይህ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ የሟች ጥፋት ከተረጋገጠ የባለመኪናውን ኃላፊነት ያስቀራል ወይም ይቀንሳል። እዚህ ላይ የደረሰልን የትራፊኩ ፕላን ነው፤ ደሙ የፈሰሰው ከመንገዱ ጠርዝ ውጭ እንደነበር በሜትር ለክቶ አስቀምጦታል።

ሦስተኛው ነገር ግን አሳሰበን። የባለመኪናው ጠበቃ «መሬቱ አለ፣ በሬዎቹ አሉ፤ ምን ቀረባቸው?» አሉ። ዳኛዋ እህቴን «ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት። «ክብርት ዳኛ፣ መሬቱ አልሞተም፤ የሞተው አራሹ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ መሬቱን በእኩል ሰጥታው እንደነበር፣ ካገባችው እህል ግማሹ ወደ አራሹ ቤት እንደሚሄድ አስረዳች። ሂሳቡም ከዚያ ተነሣ። በዓመት የቀረባቸው እህል በገበያ ዋጋ ስንት ነው? ሟቹ ራሱ ይበላው የነበረው ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ስንት ዓመትስ ሊያርስ ይችል ነበር? ልክ የሚሆነውን መጠን በማስረጃ ማረጋገጥ ካልተቻለ ዳኛ በርትዕ እንዲወስን ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶታል።

በ2010 ዓ.ም. 240 ሺህ ብር ተፈረደ፤ መድኑ ከዚያ ውስጥ 40 ሺውን ከፈለ። ሕጉ እንዲህ ያለው ካሳ በቀለብ መልክ እንዲከፈል ቢልም፣ በተግባር ብዙ ጊዜ በአንድ ድምር ይወሰናል፤ የእኛም እንዲሁ ሆነ። የልጆቹ ድርሻ በስማቸው ባንክ ገባ። አማቷም የራሷን አገኘች። 15 ሺው ብር ከካሳው ላይ ይቀነስልኝ ተብሎ ተጠይቆ ነበር፤ ያች አንድ መስመር አስቀረችው።

ለሐዘናችን የተፈረደልን ስንት እንደሆነም ልንገራችሁ፤ አንድ ሺህ ብር። የሞራል ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ በአንቀጽ 2116 የተጻፈው ያኔ በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በዚህ ገንዘብ ብዙ በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ቀን ለቅሶ ቡና አይበቃም። አማቷ ሲነገራት «ይሄስ ባይጻፍ ይሻል ነበር» አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሐዘንን በገንዘብ መለካት እንደማይቻል ባውቅም፣ ሕግ አውጪዎች ይህን ቁጥር አንድ ቀን ዞር ብለው ሊያዩት ይገባል።

በለቅሶ ሳምንት ወረቀት ማስፈረም የጎጃም ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ለሟች ቤተሰቦች ወረቀት ቀረበ፤ ወደ 91 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ካሳ ተቀበሉ፣ አየር መንገዱንም ሆነ አውሮፕላን ሠሪውን ላትከሱ ፈርሙ የሚል። የፈረሙ ነበሩ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ያው ዓይነት ነበር፤ በሁለቱም ላይ ችግሩ አንድ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። የቢሾፍቱ አደጋ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ቺካጎ ድረስ ሄደው ከሰሱ፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቦይንግ ለአደጋው ኃላፊ መሆኑን በፍርድ ቤት ተቀበለ። በሐዘን ላይ ሆኖ የፈረመ ሰው ገና ያልታወቀ ነገር እንዳለ አያውቅም። የጃካርታዋ እናትና የሞጣዋ እናት በዚህ አንድ ናቸው።

መኪና ላልገደለው ሰውም መንገድ አለ። ወንዶች ልጆቻችን ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሑመራና መተማ፣ ለግንባታ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሥራ ላይ እያለ አደጋ ደርሶበት የሞተ፣ በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ ጥገኞች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአምስት ዓመት ደመወዙን የሚያህል ካሳ ከአሠሪው ይገባቸዋል፤ ጥገኛ የሚባሉት የትዳር ጓደኛው፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹና ይረዳቸው የነበሩ ወላጆቹ ናቸው። «የቀን ሠራተኛ ነበር» መባሉ ብቻ መብቱን አያጠፋም። በጥል ለሞተም እንዲሁ ነው፤ ገዳዩ ቢታሰርም የልጆቹ ካሳ ለብቻው ይጠየቃል። በወንጀሉ ችሎት ላይ መክፈቻው ሲሰማ አብሮ ማመልከት ይቻላል፤ ካልሆነ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ነው። ተከሳሹ በወንጀሉ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ የካሳው ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም፤ ማስረጃውን በራሱ ይመዝናል።

አንድ ነገር ግን አይጠብቅም፤ ጊዜ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ነገሩ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ ይህን ግን ለክርክር እንጂ ለመዘግየት አትያዙት። እኔ ለሰው ስመክር እንዲህ እላለሁ፤ የሁለተኛው ሙት ዓመት ጠላ ከመጠንሰሱ በፊት ክሱ መዝገብ ቤት ይግባ።

የለቅሶ ቤት ታላላቆች ለሆናችሁ ደግሞ ይህ አለኝ። ሽማግሌ ሲመጣ አስገቡ፤ ውኃ ስጡ፤ እርቁን አትግፉ። ወረቀት ሲወጣ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ወረቀት የሰላም ነው ወይስ የካሳ? ገንዘቡ በማን ስም ነው? የሚፈርመው ሰው ባለመብቱ ነው? የሰላሙ ወረቀት በሠልስቱ ቢፈረም መልካም ነው። የካሳው ወረቀት ግን ከአርባው በኋላ፣ ጠበቃ ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው ካየው በኋላ፣ ሚስቲቱና እናቲቱ ባሉበት ይጻፍ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ለሌለው፣ ሕግ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የአካባቢያችሁ ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም መንገዱን ይመራችኋል።

ሽማግሌዎቻችንም ቢሆኑ ይህን ወግ ቢያደርጉት ለእርቁ ጥንካሬ እንጂ ጉዳት አይሆንም። እናቱ በርሃብ ስትንገላታ እያየ ያደገ ልጅ፣ አባቱ በስንት ብር እንደተሸጠ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም። ድርሻው በስሙ የተቀመጠለት ልጅ ግን የሚፈልገው ደም የለውም።